«እማዬ ጣዖት አላይም አለች፣ ልጄም ከእሷ ጋር አልሄድም አለ»

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምጽፍልህ ከሲድኒ፣ ብላክታውን ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን ለሦስት ወር ልትጠይቀን መጥታለች። 67 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ዕድሜዋን ሙሉ መሶብና ሌማት ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። የ14 ዓመት ልጄን ደግሞ የሥዕል አስተማሪው በየዓመቱ ቦንዳይ ባህር ዳርቻ ላይ የሚደረገውን የቅርጻ ቅርጽ ዐውደ ርዕይ አይቶ እንዲጽፍ አዞታል። እኔም በዚያው እማዬን ባህር ላሳያት ብዬ ሁላችንም እንሂድ አልኩ። ቤቱ ተረበሸ። እማዬ ‹በስተርጅናዬ ጣዖት ልይ?› አለች፤ በዚያ ላይ ሰው ራቁቱን የሚሄድበት ቦታ ነው ብለው ነግረዋታል። ልጄ ‹አያቴ በነጠላ የምትመጣ ከሆነ እኔ ከጓደኞቼ ጋር እሄዳለሁ› አለኝ። ባለቤቴ ‹ብረትና ድንጋይ ለማየት ቅዳሜን ማቃጠል› ይላል። እኔም ብሆን ስለ ቅርጻ ቅርጽ የማውቀው ነገር የለም። ሲጠይቁኝ ምን ልመልስ? እንዴትስ እንየው? ልተወው ወይስ ልግፋበት?»

እህቴ፣ እንዳትተይው። አካሄድሽን ግን ቀይሪው።

አራት ሰው ሰብስበሽ፣ ሙሉውን መንገድ በእግር አስኪደሽ፣ ያለውን ሥራ በሙሉ አሳይተሽ ለመመለስ ከሆነ ያሰብሽው፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ማታ አራታችሁም ተኮራርፋችሁ ነው ቤት የምትገቡት። ሦስት ወይም አራት ሥራ ይበቃችኋል። እያንዳንዱ ጋ ቁሙ። ዙሩት። አጠገቡ ሣር ካለ ተቀመጡ። እንዲህ ከሆነ አንቺም ስለ ሥነ ጥበብ ምንም ማወቅ አይጠበቅብሽም።

ሲጠይቁሽ የምትመልሺው እንዲኖርሽ ግን ስለ ቦታው ትንሽ ልንገርሽ። ዐውደ ርዕዩ «ስካልፕቸር ባይ ዘ ሲ» ይባላል። በ1997 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የጀመረው ዴቪድ ሃንድሊ የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። ቼክ አገር በኖረበት ጊዜ ክላቶቪ ከምትባል ከተማ አጠገብ ሜዳ ላይ የቆሙ ቅርጻ ቅርጾች አይቶ ነገሩ በልቡ ቀረ፤ አገሩ ሲመለስ ይህንኑ ባህር ዳር ላይ ላድርገው ብሎ ተነሳ። የመጀመሪያው ዓመት ዝግጅት አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ 64 ቀራጺዎች ሥራቸውን አቀረቡ፣ 25 ሺህ ሰው መጣ። ዛሬ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ይቆያል፣ ወደ መቶ የሚጠጋ ሥራ ይቀርባል፣ ተመልካቹም በመቶ ሺዎች ነው። በ2020 እና በ2021 በኮሮና ምክንያት አልተካሄደም፣ ከዚያ ወዲህ ተመልሷል። ሥራዎቹ የሚቆሙት ከቦንዳይ ደቡባዊ ጫፍ ተነስቶ ገደል ገደሉን ይዞ ታማራማ እስከምትባለው ትንሽ የባህር ዳርቻ በሚወስደው 2 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ የእግር መንገድ ላይ ነው። መግቢያው ነፃ ነው። በር የለው፣ ትኬት የለው። (ይህቺን ለባለቤትሽ ንገሪው።)

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ጥበብ ነው» ብለሽ እንዳትከራከሪያቸው። የተናገሩት ነገር ከየት እንደመጣ አስቢ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕል እያዩ ነው ያደጉት። እንደ ሮማ ካቶሊኮቹ ዙሪያውን የተቀረጸ ምስል መቅደስ ውስጥ ቆሞ ማየት በእኛ ዘንድ አልተለመደም። ስለዚህ የተቀረጸ ምስል ሲባል ኦሪት ነው ትዝ የሚላቸው። ይህንን እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሮ መሳቅ ነውር ነው፤ ልጅሽም ባልሽም እንዳይስቁባቸው አደራ። እኔ ቄስ አይደለሁም፣ የሃይማኖቱን ጉዳይ ለንስሐ አባታቸው ይደውሉና ይጠይቁ። ለእሳቸውም የሚያሳርፋቸው እሱ ነው።

አንቺ ግን አንድ ነገር ልትጠይቂያቸው ትችያለሽ። አዲስ አበባ ሲመጡ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት አላዩም? ለፋሺስት አልገዛም፣ ሕዝቤንም ተገዛ አልልም ብለው በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተረሸኑት ጳጳስ ሐውልት ነው። ለባቡሩ ግንባታ ከቦታው ተነስቶ በነበረ ጊዜ ስንቱ ምእመን ነው ያዘነው! ምኒልክስ ፈረሳቸው ላይ ሆነው የቆሙት የት ነው? አራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ። ሰው እዚያ ሲደርስ የሚሳለመው ጊዮርጊስን ነው፣ ምኒልክን ቀና ብሎ አይቶ ያልፋል። ቦንዳይም ያለው ሰው ለድንጋዩ አይሰግድም። ፎቶ ይነሳል፣ ልጁን ያባርራል፣ አይስክሬም ይበላል።

ታዲያ ይህን ለመርታት ብለሽ እንዳይሆን። ጠይቂያቸውና ዝም በይ። ሁለት ሦስት ቀን ይቆዩበት። እናቶቻችን መልሳቸውን ወጥ እያማሰሉ ነው የሚሰጡት፣ ፊት ለፊት ተይዘው አይሸነፉም፣ መሸነፍም የለባቸውም።

ድንጋይ ጠርቦ ሜዳ ላይ ማቆም ደግሞ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። በቡታጅራ መንገድ ጢያ ላይ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች አሉ፣ በ1980 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዩኔስኮ የመዘገባቸው። ከሮም የተመለሰው የአክሱም ሐውልት 24 ሜትር ነው። ይህን ለልጅሽ ንገሪው፤ ለሚጽፈው ጽሑፍ መነሻ ይሆነዋል። ሌላም ጨምሪለት። ዐውደ ርዕዩ ከሚዘረጋባቸው ቦታዎች አንዱ በሆነው ማኬንዚስ ፖይንት ላይ፣ መንገዱ አጠገብ ያለው ለጥ ያለ አለት ላይ፣ የአገሩ ጥንታዊ ባለቤቶች የቀረጹት ትልቅ ዓሣ አለ። መስመሩ ደብዝዟል። አብዛኛው ሰው አዲሱን ብረት ፎቶ ለማንሳት ሲጋፋ ሳያየው ያልፋል። እኔን ከጠየቅሽኝ እናትሽን መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው። ሥራዎቹ በየዓመቱ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ እሱ ግን ሁልጊዜም እዚያው ነው።

«ራቁታቸውን» ስለተባለው። እውነት ነው፣ አሸዋው ላይ ሰው በዋና ልብስ ነው የሚሆነው፣ እናትሽ ይህን በድንገት ቢያዩ ይደነግጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በቦንዳይ አሸዋ በኩል አትግቡ። ማርክስ ፓርክ የሚባል ገደሉ አናት ላይ ያለ ሰፊ የሣር ሜዳ አለ፣ በቦንዳይና በታማራማ መሀል። ብዙዎቹ ትልልቅ ሥራዎች የሚቆሙት እዚያ ነው። ከኬኔት ስትሪት በኩል በቀጥታ ይገባል፣ ደረጃ መውጣት መውረድ የለበትም። ለጉልበታቸውም የሚስማማው ይኸው ነው። የገደሉ መንገድ ደረጃ ይበዛዋል፤ ለእሳቸው አይሆንም። ልጅሽ ሙሉውን መሄድ ከፈለገ ከአባቱ ጋር ከታማራማ ጀምሮ እየተራመደ ይምጣና ማርክስ ፓርክ ይገናኛችሁ።

ቀኑን አስቢበት። ዐውደ ርዕዩ የሚውለው ብዙ ጊዜ በጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ይህ ማለት ጾመ ጽጌ ውስጥ ነው፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 6 ያለው። የፈቃድ ጾም ቢሆንም ብዙ እናቶች አይተዉትም። በሥራ ቀን ይዘሻቸው ብትሄጂ ቦታው ጭር ይላል፣ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ ፀሐይ ላይ ልታቆሚያቸው ነው። እሑድ ቅዳሴ አለ። ስለዚህ ቅዳሜ፣ ያውም በማለዳ። ቅዳሜ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውሃ አይጾምም። የጾም ፍርፍር በሳህን ቋጥረሽ፣ ዳቦና ቆሎ ይዘሽ፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ሣሩ ላይ ቁርስ ብትበሉ ከዐውደ ርዕዩ እኩል የሚታወሳቸው ይህ ይሆናል። ቦንዳይ ካፌ ውስጥ ወተት ያልነካው ነገር ስትፈልጊ ከመዋል ያድንሻል፣ ዋጋውም ሌላ ጣጣ ነው።

በኢትዮጵያ ሰዓት ከጠዋቱ 12፡30 ከቤት ውጡ። መኪና እንዳትይዙ፤ በዐውደ ርዕዩ ሰሞን ቅዳሜ ቦንዳይ ላይ ማቆሚያ ፍለጋ መዞር ጠብ ይፈጥራል። ከብላክታውን በባቡር ሴንትራል ወይም ታውን ሆል ወርዳችሁ የቦንዳይ ጀንክሽኑን መስመር ያዙ። ከዚያ 333 አውቶቡስ ቦንዳይ ባህር ዳርቻ ያደርሳችኋል፣ ነገር ግን እናትሽን ይዘሽ ስለሆነ ከጀንክሽን ማርክስ ፓርክ ድረስ ታክሲ ያዢ። አጭር መንገድ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ሣሩ ላይ ናችሁ። አራት ሰዓት ሲሆን ሕዝቡ መትመም ይጀምራል፣ እናንተ ያኔ ጨርሳችኋል።

ይህ የማለዳ ነገር ልጅሽንም ይጠቅመዋል። የ14 ዓመት ልጅ ጓደኞች ቅዳሜ በሁለት ሰዓት ቦንዳይ አይገኙም።

ስለ እሱ ትንሽ ልቆይ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉም ያሳሰበኝ እሱ ነውና። ልጁ ክፉ አይደለም። በዚያ ዕድሜ ከሰው ተለይቶ መታየት ያማል፣ እንደ እሱ ስደት ላይ ለሚያድግ ልጅ ደግሞ ይበልጥ ያማል። ስለዚህ «በአያትህ ታፍራለህ? ለዚህ ነው ያሳደግኩህ?» የሚለውን ንግግር ተይው። አንድ ጊዜ፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ «ነጠላዋን አውልቂ ብዬ አልጠይቃትም» በይው። በቃ። አትድገሚው። ከዚያ ሥራ ስጪው።

ሥራው ይህ ነው። በየሥራው አጠገብ የርዕሱና የቀራጺው ስም፣ የተሠራበትም ነገር የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። ያነብና ለአያቱ በአማርኛ ያስረዳል። አማርኛው ቢሰባበርም ግድ የለም፣ አንቺ ግን ጣልቃ ገብተሽ እንዳታርሚው። እሳቸው ደግሞ ከአዩት ሁሉ አንድ ይምረጡ፣ ለምን እንደመረጡት ይንገሩት፣ እሱም ይጻፈው። አስተማሪው ሠላሳ ጽሑፍ ሲያነብ ሃያ ዘጠኙ ከሰሌዳው የተገለበጠ ነው የሚሆነው። ዕድሜዋን ሙሉ መሶብ የሰፋች የደብረ ብርሃን ሴት ስለ አንድ የብረት ሥራ ምን እንዳለች የጻፈ ልጅ ግን አንድ ብቻ ነው። ይህን ንገሪው። ውጤት የሚያስብ ልጅ ከሆነ ነጠላውን ራሱ ነው የሚያቀብላቸው።

እንዴት እንየው ላልሽኝ፣ ከሁሉ በፊት «ምን ማለት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ዋጡት። እሱ ጥያቄ ነው ሰውን ደንቆሮ የሆነ እንዲመስለው የሚያደርገው። በእሱ ፋንታ «እንዴት ተሠራ?» በሉ። የት ጋ ነው የተበየደው? ይህን የሚያህል ነገር ንፋስ ሲመታው ምን ይዞት ነው የማይወድቀው? ጨዉስ? የባህር ነፋስ ተራ ብረትን ቶሎ ይበላል፤ ለዚህ ነው እዚያ ግራናይት፣ ነሐስና የማይዝግ ብረት የሚበዛው። አንዳንዱ ደግሞ ዝገቱ ራሱ ቀለም እንዲሆነው ተብሎ የተመረጠ ብረት ነው። እናትሽ አክርማና ስንደዶ ሲሰፉ የኖሩ እጆች አሏቸው፤ ስፌት የት እንደተጀመረና የት እንደተቋጨ በዓይን ይለያሉ። ከሁላችሁም በፊት ብየዳውን የሚያገኙት እሳቸው ናቸው።

በ2013 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሉሲ ሃምፍሪ የምትባል የሲድኒ አርክቴክት ያቀረበችውን ልንገርሽ። ከሰው ወገብ ከፍ የሚል፣ ከአክሪሊክ (ከግልጽ ፕላስቲክ) የተሠራ ሉል ነው፣ ውስጡ ውሃ ተሞልቷል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ውሃ የሞላው ሉል እንደ ሌንስ ብርሃኑን ያጥፈዋል። ፊቱ ቆመሽ ስታዪ ባህሩ ከላይ፣ ሰማዩ ከታች ሆኖ ይታያል። ባህር ዳር የሚሄደው ሰው ተገልብጦ ይሄዳል። ደመናው ከእግርሽ በታች ያልፋል። ጎንበስ ብለሽ ካየሽው ሌላ ነው፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ከሄድሽ ሌላ። አሁን ይህ ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቅ አለ? የአምስት ዓመት ልጅም፣ የፊዚክስ አስተማሪም፣ መነኩሲትም እኩል ያዩታል። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ አንድሩ ሃንኪን ታማራማ አሸዋ ላይ ግዙፍ መጥበሻ አኖረ። ሰው በሰው ላይ እየተደራረበ ውስጡ ተኝቶ ፎቶ ተነሳ። የአውስትራሊያ ፀሐይ እንዴት እንደሚጠብስ ለመናገር ከዚህ በላይ ንግግር አያስፈልግም። እነዚህ ሁለቱ ዛሬ እዚያ የሉም፤ ምን ዓይነት ነገር እንደምትጠብቂ እንዲገባሽ ነው። ሁሉም እንዲህ ደስ አይልም። አንዳንዱ ባዶ ነው፣ ትልቅ ከመሆኑ በቀር ምንም የለውም። «ይሄስ አልጣመኝም» ለማለት አትፍሩ፣ ልጅሽም ይህን እንዲጽፍ ፍቀጂለት፣ ምክንያቱን እስከተናገረ ድረስ።

መውጣትና መንጠልጠል ክልክል ነው። ንኩ የተባለውን ብቻ ንኩ፣ ካላወቃችሁ እዚያ ያሉትን በጎ ፈቃደኞች ጠይቁ። ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ሥራዎቹን እየዳሰሱ የሚጎበኙበት ልዩ ፕሮግራም አለ፤ በማኅበራችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ አዘጋጆቹን ቀድመሽ አነጋግሪላቸው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ባህሩን ከላይ ሆናችሁ ለማየት ማርክስ ፓርክ ጠርዝ ላይ አጥር ያለበት ቦታ አለ። እናትሽን እዚያ ቁጭ አድርጊያቸው። በዚያ ወቅት ዓሣ አንበሪዎች ግልገላቸውን ይዘው ወደ ደቡብ ይመለሳሉ፣ ዕድል ከቀናችሁ ትንፋሻቸው ከሩቅ እንደ ጭስ ብቅ ሲል ይታያል። ዮናስን በየዓመቱ በነነዌ ጾም ሲሰሙ ለኖሩ እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። ባያዩም ባህሩ ራሱ ይበቃቸዋል።

ነፋሱ ግን ኃይለኛ ነው። ነጠላ ብቻ አይበቃም፣ ጋቢ ጨምሪ፣ ከላይ ደግሞ ሰፊ ባርኔጣ። የሲድኒ ፀሐይ በጥቅምት ያቃጥላል፣ ጥቁር ነን ብላችሁ የፀሐይ ቅባቱን እንዳትዘሉት። ልጁ መዋኘት ካማረው ታማራማ ላይ አይሆንም፣ ማዕበሉ አደገኛ ነው፤ ቦንዳይ ላይ፣ በቀይና ቢጫ ባንዲራዎቹ መሀል ብቻ።

ባለቤትሽ ላይ ጊዜ አታጥፊ። ፔርሙዙንና ምንጣፉን አሸክሚው። ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ትገባላችሁ፣ ቅዳሜው ግማሹ ለእሱ ነው።

እናትሽ ይህ ሁሉ ተደርጎ «አልሄድም» ካሉ እሺ በያቸው፣ ፊትሽንም አታጥቁሪባቸው። አንቺና ልጅሽ ሂዱ። እሳቸውን ዐውደ ርዕዩ ከተነሳ በኋላ፣ በሌላ ቅዳሜ፣ እዚያው ሣር ላይ ባህሩንና አለቱ ላይ ያለውን ዓሣ ለማሳየት ይዘሻቸው ትሄጃለሽ። ልጅሽም መንገዱን ለምዶታልና እሱ ይምራቸው። ቀኑ በየዓመቱ ትንሽ ስለሚቀያየር ከመነሳታችሁ በፊት የዘንድሮውን አረጋግጪ፣ የአየሩንም ትንበያ እይ፤ ከዘነበ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አስተላልፊው፣ እርጥብ አለት ለእሳቸው ጉልበት አይሆንም።